ሽጉጥና ቡና ነጋዴ፤ ከሂርማታ ገበያ እስከ ጅማ መርካቶ

የጦር መሣሪያ ታሪክ በተነሣ ቍጥር የብዙ ሰው አሳብ የሚሄደው ወደ ጦር ሜዳ ነው። የዓድዋ መድፍ፣ የማይጨው ጠመንጃ፣ የአርበኛው ምንሽር ይታወሳል። ነገር ግን ከጦር ሜዳ ርቆ፣ በገበያና በመንገድ፣ በሱቅና በቡና መጋዘን መካከል የኖረ ሌላ መሣሪያ አለ፤ እርሱም ሽጉጥ ነው። ይህን መሣሪያ ዘማች ብቻ ሳይሆን ነጋዴም፣ ሹምም፣ መንገደኛም በልብሱ ውስጥ ሸሽጎ ስለሚይዘው፣ ታሪኩም እንደ ራሱ ተሸሽጎ ቀርቷል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን ታሪክ በአጭሩ ማስታወስ ነው።

ለምሳሌ የመረጥነው የጅማን ከተማና በዙሪያዋ ያሉትን የቡና አገሮች፣ እነ አጋሮን፣ እነ ሊሙን፣ እነ ጌራን ነው። ምክንያቱም ቡና በዓመት አንድ ጊዜ የሚለቀም ፍሬ ስለ ሆነ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት በዚያ አገር ብዙ ገንዘብ በጥቂት ቀን ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ስለዚህ «ራሴንና ገንዘቤን በምን ልጠብቅ?» የሚለው ጥያቄ ከሌላው አገር ይልቅ በዚያ ጎልቶ ይታያል። ከዚህም ጥያቄ ሌላ ጥያቄ ይወለዳል፤ ይኸውም «በየቀኑ ከልብሴ በታች የምይዘው ትንሽ ሽጉጥ የትኛው ይሻላል?» የሚል ነው። ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት የብረትና የጥይት ጉዳይ ይመስላል። ታሪኩን የተከታተለ ሰው ግን የገንዘብ፣ የገበያና የሕግ ጉዳይ መሆኑን ይረዳዋል።

ስለ ስሙ ጥቂት ቃል

«ሽጉጥ» የሚለው ስም «ሸጎጠ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። ሸጎጠ ማለት በጠባብ ቦታ አስገባ፣ ወሸቀ፣ ሰወረ ማለት ስለ ሆነ፣ ሽጉጥ ማለት የተወሸቀ ዕቃ ማለት ይሆናል። ጠመንጃ ወይም ጠበንጃ ግን ከውጭ የገባ ቃል ሲሆን፣ «ታባንጃ» ከሚለው የቱርክ ቃል ጋር ዝምድና እንዳለው ይነገራል። የሚያስገርመው ታባንጃ በቱርኮች ዘንድ ሽጉጥ ማለት መሆኑ ነው። እንግዲህ አባቶቻችን የትንሹን መሣሪያ የባዕድ ስም ለትልቁ ሰጥተው፣ ለትንሹ ከራሳቸው ቋንቋ አዲስ ስም አወጡለት። ስሙንም ያወጡለት ከመልኩ ወይም ከድምፁ ሳይሆን ከአያያዙ ነው።

ይህ የስም ልዩነት የጠባይ ልዩነትን ያሳያል። ጠመንጃ የሚታይ መሣሪያ ነበር። ባለቤቱ በትከሻው ያነግተዋል፤ ባለጸጋ ወይም መኰንን የሆነ እንደ ሆነ ጋሻ ጃግሬው ከኋላው ይይዝለታል፤ ጥይቱም በዝናር ተደርድሮ ከሩቅ ይቆጠራል። ስናድርም ይሁን ወጨፎ፣ ውጅግራም ይሁን ለበን፣ ማን ምን ዓይነት ጠመንጃ እንደ ያዘና ለማን እንደሚያድር አገር ያውቃል። ስለዚህ ጠመንጃ ጌጥም፣ ማዕረግም፣ ማስጠንቀቂያም ነበር። ከጥላቻ የተነሣ ሸምቆ የሚገድል አልነበረም ለማለት አይደለም፤ ነገር ግን ሸምቆ መግደል የሚነወር እንጂ የሚፎከርበት ሥራ አልነበረም።

ሽጉጥም ቢሆን ሁልጊዜ ተሰውሮ አልተያዘም። በቀድሞ ፎቶግራፎች እንደምናየው ብዙ ሹማምንትና አርበኞች በወገባቸው ላይ በማኅደሩ አንጠልጥለው በግልጥ ይዘውታል። በታሪካችንም ከሁሉ የሚታወቀው ሽጉጥ የንጉሥ ሽጉጥ ነው። በ1855 ዓ.ም. ቆንሲል ካሜሮን ከእንግሊዝ ንግሥት ከቪክቶሪያ የተላኩ ሽጉጦችን ለዐፄ ቴዎድሮስ ስጦታ አድርጎ አመጣ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ አምባ ላይ እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን የሠዉት በዚያው ስጦታ እንደ ሆነ ይተረካል። ይህ ሁሉ ግን የቤተ መንግሥትና የጦር ሰው ታሪክ ነው። ሽጉጥ ወደ ነጋዴው ኪስ የገባበት መንገድ ሌላ ነው።

የሂርማታ ገበያ ሰላም

ዛሬ ጅማ የምንላት ከተማ ሳትቆረቆር በፊት በዚያ ስፍራ ሂርማታ የሚባል ታላቅ ገበያ ነበር። የጅማ መንግሥት በ1820ዎቹ ዓመታት ገደማ በቀዳማዊ አባ ጅፋር ሲመሠረት፣ ዳግማዊ አባ ጅፋር ደግሞ ከ1870 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከኀምሳ ዓመት በላይ ገዝተዋል። ቤተ መንግሥታቸው በጅሬን ኮረብታ ላይ ሆኖ ከገበያው ብዙ የራቀ አልነበረም። ዳግማዊ አባ ጅፋር ለምኒልክ በሰላም ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን በእጃቸው ስላቆዩ፣ ጎረቤታቸውን ከፋን በ1889 ዓ.ም. ያገኘው የጦርነት ጥፋት ጅማን አላገኛትም። ንግዱም ሳይቋረጥ ቀጠለ።

ሂርማታ ሐሙስ ሐሙስ ሲቆም በሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ ይሰበሰብበት ነበር። ቡናው፣ ዝባዱ፣ የዝሆን ጥርሱ፣ አሞሌው ጨው፣ ጨርቃ ጨርቁ በየተራው ይደረደራል። ከጎጃምና ከሸዋ የሚመጡት ነጋዴዎች ከአገሩ ነጋዴዎች ጋር ይገናኙበታል። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ዘመን ሰውም እንደ ዕቃ ይሸጥበት ስለ ነበር፣ የገበያው ሰላም ለሁሉ እኩል የሆነ ሰላም አልነበረም። ለነጋዴው ግን ሰላሙ እውነተኛ ነበር።

ይህ ሰላም ከምን ተገኘ ብለን ብንጠይቅ፣ ነጋዴው በልብሱ ውስጥ ከያዘው መሣሪያ አልተገኘም። የአገሩ ዳርቻ በቦይና በአጥር የተከለለ ሲሆን፣ መግቢያና መውጫው በኬላ ይጠበቅ ነበር። በኬላው ያለፈ ሰው ማንነቱ፣ ጭነቱና መድረሻው ይታወቃል። ከዚያ በኋላ አውራጃውን የሚያስተዳድረው አባ ቆሮ ስለ መንገዱ ጸጥታ ይጠየቃል። ለእንግዳ ነጋዴዎች መንደራ የሚባል የራሳቸው መኖሪያ ተለይቶላቸው ነበር። ይህ ስም እስከ ዛሬ ድረስ በጅማ ሰፈሮች ስም ውስጥ ይሰማል። ንጉሡ ነጋዴውን የሚጠብቀው ከደግነት ብቻ አይደለም፤ ከንግዱ ቀረጥ ስለሚያገኝ ነው። ዘራፊ አንድ ቅፍለት የመታ እንደ ሆነ የተዘረፈው ነጋዴው ብቻ ሳይሆን ንጉሡም ጭምር ነው።

በሌላውም የኢትዮጵያ ክፍል የገበያና የመንገድ ሰላም በዚሁ ዓይነት በግልጥ ሥርዓት የተመሠረተ ነበር። «በሕግ አምላክ!» የተባለ ሰው፣ ምንም እንኳ የታጠቀና ጉልበተኛ ቢሆን፣ ቆሞ ወደ ዳኛ መሄድ ነበረበት። ባለዕዳና ባለገንዘብ ልብስ ለልብስ ተቋጥረው በቁራኛ ዳኛ ፊት ይቀርባሉ። ሌባው ያልታወቀ እንደ ሆነ የአገሩ ሰው በአውጫጭኝ ተሰብስቦ ይጠያየቃል። እነዚህ ሥርዓቶች የየራሳቸው ጉድለት ነበረባቸው። ነገር ግን ሁሉም የቆሙት በአንድ መሠረት ላይ ነው፤ ጠብም፣ ዳኝነትም፣ መሣሪያም በሰው ፊት በግልጥ ይሁን የሚል ነው።

ብር ሲከብድና ወረቀት ሲቀል

አሁን ስለ ገንዘቡ እንነጋገር። ነጋዴው በጥንት ዘመን ሽጉጥ ያላስፈለገው ሽጉጥ ስላልነበረ ብቻ አይደለም፤ ሀብቱ የማይደበቅ ስለ ነበረም ነው። በዚያ ዘመን ትልቁ መገበያያ ጠገራ ብር ወይም ማርትሬዛ ነበር። አንዱ ጠገራ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል። እንግዲህ 1,000 ብር 28 ኪሎ፣ 3,000 ብር ደግሞ 84 ኪሎ ይሆናል ማለት ነው። ይህ ለአንዲት በቅሎ ሙሉ ጭነት ነው። እንዲህ ያለውን ሀብት በኪስ ሸሽጎ መሄድ ስለማይቻል፣ ነጋዴው በቅፍለት ተሰብስቦ፣ ጦረኛና ጠመንጃ ያዥ አሰልፎ፣ በነጋድራሱ እየተመራ ይጓዝ ነበር። የሚታይ ሀብት የሚታይ ጥበቃ ያስፈልገዋል።

ወደ አገራችን ይገባ የነበረው መሣሪያም ይህንኑ ያመለክታል። በ1879 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ ከታጁራ ተነሥቶ ለምኒልክ ሊሸጥ ያመጣው 2,000 ያህል ጠመንጃ ነበር እንጂ የኪስ ሽጉጥ አልነበረም። የውጭ መንግሥታትም የተጨነቁት ስለ ጠመንጃ ነው። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣልያ በታኅሣሥ 1899 ዓ.ም. በሎንዶን ስለ ኢትዮጵያ ሲዋዋሉ፣ ወደ ኢትዮጵያ የሚገባውን መሣሪያ ስለ መቆጣጠርም አብረው ተስማምተዋል። ኢትዮጵያ ራሷ ተካፋይ የሆነችበት የመሣሪያ ውል የተፈረመው ግን ዘግይቶ ነሐሴ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. በፓሪስ ነበር።

ዘመኑ እየተለወጠ ሲሄድ ገንዘቡ ቀለለ። የሐበሻ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ሥራውን ጀምሮ በ1907 ዓ.ም. የወረቀት ገንዘብ አወጣ። ሕዝቡ ግን ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ ስላላመነው ጠገራው ከገበያ አልወጣም። ትልቁ ለውጥ የመጣው ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር በወጣ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ቀድሞ አንዲት በቅሎ የምትሸከመው 3,000 ብር ባለ መቶው 30 ቅጠል ሆኖ በኮት የውስጥ ኪስ ገባ። ነጋዴው ቅፍለት መጠበቅ አላስፈለገውም፤ በመኪና ተሳፍሮ ብቻውን መሄድ ቻለ። ጥበቃውም እንደ ገንዘቡ አነሰና ተሸሸገ። ጠመንጃ ጠገራውን እንደ ተከተለ፣ ሽጉጥም ወረቀቱን ተከትሎ ወደዚያው ኪስ ገባ ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

የኪስ ሽጉጥ በዓለም ላይ

ገንዘቡ ወደ ኪስ በገባበት ጊዜ ለኪስ የሚስማማ ሽጉጥ በአውሮፓ ተሠርቶ ይጠብቅ ነበር። ወደ ኋላ ተመልሰን የአሠራሩን ታሪክ በአጭሩ እንመልከት፤ የውጭ ታሪክ ስለ ሆነ ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቈጣጠር እንጽፋለን። አሜሪካዊው ሳሙኤል ኮልት በ1836 ተሽከርካሪ ጎራሽ ያለውን ሽጉጥ በስሙ አስመዘገበ። የፊላደልፊያው ሄንሪ ዴሪንጀር ደግሞ በመዳፍ ውስጥ የምትሰወር አንድ ጎራሽ ሽጉጥ በመሥራት ታወቀ። ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን ሚያዝያ 14 ቀን 1865 በቴአትር ቤት ተቀምጠው ሳለ የተገደሉት በዚህች ዓይነት ሽጉጥ ነው።

ከዚያ በኋላ ጆን ብራውኒንግ የተባለው ታላቅ የመሣሪያ ሊቅ በቤልጅግ አገር ለሄርስታል ፋብሪካ ልዩ ልዩ ሽጉጦችን ነደፈ። የ1906ቱ ብራውኒንግ ርዝመቱ 11 ሴንቲሜትር ተኩል ያህል፣ ጥይቱ 6.35 ሚሊሜትር፣ የሚጎርሰውም ስድስት ነበር። ክብደቱ ከዐሥራ ሦስት ጠገራ ብር ያህል አይበልጥም። ከአራት ዓመት በኋላ የወጣው የ1910ሩ ብራውኒንግ ደግሞ ትንሽ ከፍ ብሎ በ7.65 እና በአጭሩ 9 ሚሊሜትር ጥይት ይሠራ ነበር። መልኩ ከልብስ ጋር እንዳይያያዝ የለሰለሰ ነው። ሰኔ 28 ቀን 1914 በሳራዬቮ የኦስትሪያው አልጋ ወራሽ የተገደለው በዚህ ዓይነት ሽጉጥ ሲሆን፣ ከዚያ የተነሣውን የዓለም ጦርነት ሁሉም ያውቀዋል። ትንሽነቱ ለመንገደኛ እንዲመች የተሠራ መሣሪያ ለነፍሰ ገዳይም እኩል እንደሚመች ሁለቱ ታሪኮች ያስተምሩናል።

ከዚህ የተነሣ ሕግ አውጪዎች በግልጥ በሚያዝና ተሸሽጎ በሚያዝ መሣሪያ መካከል ልዩነት ማድረግ የጀመሩት ገና በማለዳው ነው። ከአሜሪካ ክፍላተ አገር ኬንተኪና ሉዊዚያና በ1813 መሣሪያን ሸሽጎ መያዝን የሚከለክል ሕግ አወጡ። የኬንተኪው ሕግ መንገድ ላይ ላለ መንገደኛ ብቻ ይፈቅድ ነበር፤ በ1822 ግን ፍርድ ቤት ሻረው። እንግሊዝ በ1903 የሽጉጥን ሽያጭ በሕግ ወሰነች፤ በ1920 ደግሞ ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ መያዝን ከለከለች።

ወረራው፣ መርካቶና የቡናው ዘመን

ወደ ጅማ እንመለስ። ፋሽስት ኢጣልያ ጅማን በ1929 ዓ.ም. ይዞ ለደቡብ ምዕራብ ግዛቱ ዋና ከተማ አደረጋት። ከጅማ ወደ ከፋ በሚወስደው አቅጣጫ፣ በጎጀብ ወንዝ ዳር፣ ልዑል ራስ እምሩ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ተከበው የተያዙትም በዚያው ሰሞን ነው። ወራሪው ቤት ሠራ፣ መንገድ አወጣ፣ ከነባሩ ገበያ አጠገብም አዲሱን ከተማ ቆረቆረ። «መርካቶ» የሚለው ስም ራሱ በኢጣልያንኛ ገበያ ማለት ነው። በጅማ «ሂርማታ መርካቶ» የሚባል ቀበሌ መኖሩን ልብ ያለ ሰው፣ የአገሩ ስምና የወራሪው ስም ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ሰፈር ሲጠሩ ይሰማል።

ወራሪው ሕዝቡን መሣሪያ አስፈትቶ የራሱን ሹማምንት አስታጠቀ። ከመሣሪያዎቹም መካከል የ1889ኙ ቦዴዮ ስድስት ጎራሽና የ1934ቱ ቤሬታ ይገኙባቸዋል። ቤሬታው ርዝመቱ 15 ሴንቲሜትር ያህል፣ ክብደቱ ከ660 ግራም ብዙ የማይርቅ፣ ሰባት አጭር 9 ሚሊሜትር ጥይት የሚጎርስ ጠንካራ ሽጉጥ ነው። ጅማ በሰኔ 1933 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣና የኢጣልያ ጦር በየስፍራው እጁን ሲሰጥ፣ በአገሪቱ ብዙ የጦር መሣሪያ ተበትኖ ቀረ። የተሸነፈ ጦር መሣሪያውን ጥሎ ሲሄድ፣ መሣሪያው ከጦርነቱ የበለጠ ዕድሜ ይኖረዋል።

ከጦርነቱ በኋላ የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ ከፍ ስላለ ጅማና የአካባቢዋ ከተሞች በለጸጉ። መንግሥትም በ1950 ዓ.ም. ገደማ የቡናን ጉዳይ የሚከታተል ብሔራዊ የቡና ቦርድ አቋቋመ። በዚያ ዘመን የነበረውን የቡና አሰባሰብ እናስብ። ገዥው ከመርካቶ ተነሥቶ እሸትና ጀንፈል ቡና ለመግዛት ወደ ገጠር ሲወጣ ገንዘቡን በጥሬው ይዞ መሄድ አለበት፤ ገበሬው የሚያምነው የሚቆጥረውን ብር ነውና። ሲመለስም ጭነቱን ይዞ በጫካ መካከል በሚያልፍ መንገድ ይጓዛል። ኬላውና ቅፍለቱ ቀርቷል፤ ፖሊስ ጣቢያው ሩቅ ነው፤ ገንዘቡም በኪስ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሽጉጥ መያዝ ቢያምረው የሚፈረድበት አይደለም። የያዘው ከፍርሃት እንጂ ከትዕቢት አይደለምና።

ስለ አመራረጡ

እንግዲህ ከላይ የጠቀስነውን ጥያቄ ለመመለስ፣ የኪስ ሽጉጥ ሠሪዎች ከመቶ ዓመት በላይ የተከራከሩበትን ነገር ጠቅለል አድርገን ብናየው፣ ሦስት መመዘኛዎች እርስ በርሳቸው ሲጣሉ እናገኛለን።

የመጀመሪያው መጠኑ ነው። ሽጉጥ ባነሰ መጠን ለመሸሸግ ይመቻል፤ ነገር ግን እጀታው ለመጨበጥ ያንሳል፣ አፈሙዙ ያጥራል፣ ሲተኮስም በእጅ ላይ ይዘላል። ትንሹን ሽጉጥ መያዝ ቀላል ሲሆን በእርሱ ዒላማ መምታት ከባድ ነው። ሁለተኛው ኀይሉ ነው። የ6.35 ሚሊሜትር ጥይት ደካማ መሆኑ ስለ ታወቀ፣ የበለጠ ኀይል ለሚፈልግ ሰው ሠሪዎቹ 7.65 ወይም አጭሩን 9 ሚሊሜትር ጥይት የሚጎርስ ሽጉጥ ያቀርቡ ነበር። በ1951 እ.ኤ.አ. የሶቪየት ጦር የተቀበለው ማካሮቭ ስምንት ጥይት ጎርሶ 730 ግራም ያህል ይመዝናል። ይህ ከ1906ቱ ብራውኒንግ እጥፍ ነው። ኀይል ሲጨምር ክብደት ይጨምራል፤ የከበደ ሽጉጥ ደግሞ ቀን ውሎ ቀን ሲያድር ቤት ይቀራል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው ለባለቤቱ የማያሰጋ መሆኑ ነው። ሌባ በዓመት አንድ ቀን ይመጣ ይሆናል፤ ሽጉጡ ግን ሦስት መቶ ስድሳ አምስቱንም ቀን ከሰውነት ጋር ነው። የ1910ሩ ብራውኒንግ ሦስት ዓይነት መጠበቂያ የተደረገለት በዚህ ምክንያት ነው። አንዱ በጣት የሚዘጋ፣ ሁለተኛው እጀታው ካልተጨበጠ ቃታውን የማያስስብ፣ ሦስተኛው ካዝናው ከወጣ እንዳይተኰስ የሚከለክል ነው። የጀርመኑ ዋልተር ፋብሪካ በ1931 ያወጣው ትንሹ ሽጉጥ ደግሞ፣ ጥይት ጎርሶ ሳለ መቺው ክፍል ያለ አደጋ እንዲወርድና የመጀመሪያው ተኩስ በረጅምና በጠንካራ የቃታ ስበት ብቻ እንዲወጣ ተደርጎ ተሠራ። ማካሮቭም በዚሁ መንገድ ሄዷል። የመሣሪያ ሊቃውንት ያን ያህል የደከሙት ጠላትን ለመምታት ሳይሆን ባለሽጉጡ የራሱን ጭን፣ የራሱን ልጅ እንዳይመታ ለማድረግ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

እነዚህን ሦስቱን አመዛዝኖ፣ መካከለኛ መጠን፣ መካከለኛ ኀይልና አስተማማኝ መጠበቂያ ያለውን መምረጥ የተሻለ መሆኑን ታሪኩ ያሳያል። ለረጅም ዘመን በሥራ ላይ የቆዩት ሽጉጦች እንዲህ ያሉት ናቸውና። ነገር ግን በዚህ ብንጨርስ የጥያቄውን ግማሽ ብቻ መመለሳችን ነው።

ሠሪው ሊያሻሽለው ያልቻለ አንድ ጉድለት ይቀራል። የተሸሸገ መሣሪያ አያስጠነቅቅም። በትከሻ ላይ ያለ ጠመንጃ ዘራፊን ከሩቅ «ተመለስ» ይለዋል። ከካፖርት በታች ያለ ሽጉጥ ግን ዘራፊው ስለማያየው አይፈራውም፤ ሥራውን የሚጀምረው አደጋው ከደረሰ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ዘራፊው መሣሪያውን አውጥቶ ቆሟል፤ ነጋዴው ገና ቍልፉን ይፈታል። ሰው ትከሻ ለትከሻ በሚጋፋበት የመርካቶ ጎዳና ላይ አንድ ጥይት ሳተች ማለት የማንን ቤት እንደምትዘጋ አይታወቅም። ከዚህም በላይ ሁሉም ሰው በኪሱ ይዞ ይሆናል የሚል ጥርጣሬ የገባበት ገበያ፣ በሚዛን ወይም በዋጋ የተነሣች ትንሽ ክርክር ሁሉ የደም ጥሪ ትሆንበታለች። ችግር ሳይኖር ለሚይዘው ሰውማ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚለው ተረት ይበቃዋል።

ሕጉና የዛሬው ገበያ

ተሸሽጎ የሚያዝ መሣሪያ ከተማን ምን እንደሚያደርጋት በአገራችን በመራራ ሁኔታ ታይቷል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች በቀይ ሽብር ዘመን፣ ሽጉጥ በወረቀት ከረጢትና በጃኬት ሥር ተሸሽጎ የወንድማማች መገዳደያ ሆነ። መንግሥት በ1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቤት ለቤት የጦር መሣሪያ አሰሳ አደረገ። ነገር ግን አሰሳው ራሱ ሌላ የደም ምክንያት ሆነ። ከዚያም በቅርቡ ዘመን፣ በተለይ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታት፣ በድብቅ የሚገቡ የቱርክ ሥሪት ሽጉጦች በየኬላው ተያዙ የሚል ዜና በተደጋጋሚ ተሰምቷል።

ይህን ለመቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቍጥር 1177 ወጥቷል። በዚህ አዋጅ መሠረት የጦር መሣሪያ መያዝ የሚቻለው በፈቃድ ብቻ ነው። ስለዚህ ከመጠንም፣ ከኀይልም፣ ከመጠበቂያም በፊት የሚጠየቀው የመጀመሪያው ጥያቄ «ፈቃድ አለህ ወይ?» የሚለው ነው። የወንጀል ሕጋችንም በአንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ይፈቅዳል፤ ነገር ግን አደጋው የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ፣ በሌላ መንገድ ሊወገድ የማይቻል፣ አከላከሉም ከአደጋው ጋር የተመጣጠነ እንዲሆን ያዛል። ሽጉጥ የሚይዝ ሰው ይህን ሚዛን በደቂቃ ውስጥ መመዘን ይጠበቅበታል። ዳኞች ግን አንዱን ጉዳይ ለመመርመር ብዙ ቀን ይወስዳሉ።

የቡና ነጋዴውን ነገር በተመለከተ፣ ዘመኑ ራሱ ሌላ መንገድ እየከፈተለት ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር፣ በዚያ የሚሸጥ ምርት ሒሳቡ ከባንክ ወደ ባንክ እንዲተላለፍ ተደረገ። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሲጀመር ደግሞ ገንዘብ በስልክ መላክ ለገጠሩም ሰው ቀረበ። ጠገራው ከበቅሎ ወደ ወረቀት፣ ወረቀቱም ከኪስ ወደ ሒሳብ መዝገብ ተሸጋገረ ማለት ነው። ገንዘቡ ከኪስ በወጣ ቍጥር ሽጉጡ በኪስ የሚቆይበት ምክንያት ይቀንሳል። በእርግጥ እሸት ቡና በገበሬው ደጃፍ በጥሬ ገንዘብ መገዛቱ ፈጽሞ አልቀረም፤ የመንገድም ስጋት በሁሉም ስፍራ አልተወገደም። ስለዚህ ሕጉ ፈቅዶለት መሣሪያ የሚይዝ ሰው ሊኖር ይችላል።

ነገር ግን መምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች ለወጣቱ ሊያስተምሩት የሚገባ አንድ ቁም ነገር አለ። የሂርማታ ነጋዴ ሐሙስ ገበያ ውሎ በሰላም ወደ መንደራው የሚመለሰው፣ በኬላው የሚቆም ዘበኛ፣ ስለ መንገዱ የሚጠየቅ አባ ቆሮ፣ ነጋዴው ሲዘረፍ እኔም ተዘረፍኩ የሚል ንጉሥ ስለ ነበረው ነው። የዛሬው የመርካቶ ነጋዴም የሚያስፈልገው ይኸው ነው፤ የሚደርስለት ፖሊስ፣ የማያጓትት ዳኛ፣ ሌሊት የሚበራ መንገድ፣ ለገበሬው ቅርብ የሆነ ባንክ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደሚባለው፣ የገበያን ሰላም ገበያተኛው በአንድነት ሲጠብቀው እንጂ እያንዳንዱ በየኪሱ ሲሸጉጠው አይገኝም። ጥሩ ሽጉጥ መምረጥ የአንድ ሰው ጉዳይ ነው፤ ሽጉጥ የማያስፈልግበትን ገበያ መሥራት ግን የሹሙም፣ የነጋዴውም፣ የመምህሩም የጋራ ሥራ ነው።